ምስሉ አለ፤ ብርሃኑ ግን የለም

የፋኖስ ብርሃን ሲደክም ያገራችን ባልቴት ወዲያው ተነሥታ ፋኖሱን ከደጅ አትጥለውም። አስቀድማ ክሩ ወርዶ እንደሆነ ትመለከታለች፤ ክሩ ካልወረደ ላምባው አልቆ እንደሆነ ወዝወዝ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ላምባ ካለው ደግሞ ብርጭቆው ጥላሸት ለብሶ እንደሆነ በጨርቅ ትወለውላለች። ይህን ሁሉ አድርጋ እምቢ ያላት እንደሆነ ብቻ ነው «ፋኖሱ ተበላሸ» የምትለው። ይህች ባልቴት ኮሌጅ አልገባችም፤ ስለ ብርሃን ጠባይ የተጻፈ መጽሐፍም አላነበበችም። ነገር ግን በእጇ ያለውን ዕቃ ታውቀዋለች። ማወቅ ብቻም አይደለም፤ ጥያቄዋን በተራ በተራ፣ ከሚቀለው ወደሚከብደው፣ ወጪ ከሌለበት ወደ ወጪ ያለበት እያሻገረች ትጠይቃለች።

ከዩኒቨርስቲ በር የገባነው እኛ ግን የላፕቶፓችን ስክሪን የፈዘዘ እንደሆነ ሁለት ነገር ብቻ እናውቃለን። ወይ ዓይናችንን አጥብበን፣ አንገታችንን አስግገን ወር ሙሉ ከፊደል ጋር እንታገላለን፤ ወይ ደግሞ ሮጠን ለጥገና ቤት እናስረክብና «ስንት ነው?» እንላለን። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። በዚህች በማባዣ መኪና ተባዝታ በምትወጣ መጽሔታችን ላይ ስለ ትልልቅ ነገሮች፣ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ምሁር ኀላፊነት፣ ስለ ሥልጣኔ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ትንሽ ነገር ነው። ሆኖም ትንሹ ነገር ከትልቁ ጋር ዝምድና ያለው መሆኑን አንባቢ እየቈየ ያየዋል ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው በመኝታ ክፍላችን ያለ አንድ ወንድማችን ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀውም አባቱ አንድ በሬ ሸጠው በገዙለት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። በሬ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ከገጠር የመጣን ሁሉ እናውቃለን። ከጥማዱ አንዱ ሲሄድ የቀረው ብቻውን አያርስም፤ ምትክ እስኪገኝ ድረስ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ መግባት ነው። ጎረቤት ደግሞ የራሱን ሳይጨርስ የሌላውን አያርስም፤ ዝናቡም ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ያ ላፕቶፕ በክፍላችን የሚታየው እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ አደራ ነው። ሁላችንም ስንዋሰው እጃችንን ታጥበን ነው የምንነካው።

ባለፈው ሚያዝያ ይኸው ስክሪን ፈዘዘ። አንድ ምዕራፍ ለመምህሩ ሊያስረክብ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ወንድማችን ላፕቶፑን ተሸክሞ ወደ አንድ የጥገና ቤት ሄደ። ሠራተኛው ከፈተው፤ አንድ ጊዜ አየው፤ መልሶ ዘጋውና «ወንድሜ፤ ስክሪኑ ሞቷል፤ መቀየር ነው፤ 9 ሺህ ብር» አለው። እንዲህ ያለ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደ ወጣ የማያውቅ የለም። ወንድማችን ያን ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያነሣል፤ መልሶ ያስቀምጣል። ወደ አባቱ ሊደውል ነው። ኋላ ቀና ብሎ «ምን ልበላቸው? ሁለተኛውንም በሬ ይሽጡት ልበል?» አለን። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም።

ላፕቶፑን አልጋ ላይ ዘርግተን እንደ ባልቴቲቱ በተራ መጠየቅ የጀመርነው በዚያው ማታ ነው። ጥያቄዎቹን ከመዘርዘሬ በፊት ግን ስክሪን ብርሃኑን ከወዴት እንደሚያገኝ በጥቂቱ ማስረዳት ይገባኛል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ጥያቄዎቹን በቃሉ ቢያጠናቸውም አይጠቅሙትም።

ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም። ስለዚህ መብራቱን ባቀረብንለት መጠን ፊደሉ ይጎላል። ስክሪን የዚህ ተቃራኒ ነው። ብርሃኑ ከውስጡ የሚወጣ ስለሆነ መብራት ባቀረብንለት መጠን ይብስበታል፤ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን ፊቱ ላይ ነጥሮ ከውስጥ የሚወጣውን ይውጠዋል። የፈዘዘ ስክሪን ላይ አምፑል አስጠግቶ ለማንበብ የሚጥር ተማሪ በራሱ ላይ ጨለማ ይጨምራል ማለት ነው።

በብዙዎቻችን እጅ ያለው የላፕቶፕ ስክሪን ኤልሲዲ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ ሁለት ነገር ተደራርቦ የተሠራ ነው። የፊተኛው ምስሉን የሚሠራው ሉሕ ነው፤ የኋለኛው መብራት ነው። ምስል ሠሪው ሉሕ በውስጡ ፈሳሽ ክሪስታል የተባለ ነገር ይዟል። የዚህ ነገር ታሪክ ለእኛ ለጽሑፍ ተማሪዎች እንኳ ደስ የሚያሰኝ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1888 ፍሪድሪኽ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፀዋት ተመራማሪ በፕራግ ከተማ ከካሮት የተገኘ ንጥረ ነገር ሲያሞቅ ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ አየ። በ145 ዲግሪ ገደማ እንደ ደመና የደፈረሰ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178 ዲግሪ ገደማ ደግሞ ጠራ። ያ ደመናማ ፈሳሽ እንደ ውሃ እየፈሰሰ፣ በብርሃን ላይ ግን እንደ ክሪስታል የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ከ80 ዓመት በኋላ በ1968 አርሲኤ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጆርጅ ሃይልማየርና ባልደረቦቹ በዚሁ ጠባይ ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ሠርተው ለሕዝብ አስታወቁ።

ታዲያ ይህ ሉሕ የራሱ ብርሃን የለውም። ሥራው የበረኛ ሥራ ነው፤ በኤሌክትሪክ እየታዘዘ በያንዳንዷ ነጥብ ላይ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ከኋላ ከሚነሣው ብርሃን ውስጥ በሩን ሁሉ አልፎ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ከዐሥር እጅ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። የኋላው መብራት ቀድሞ፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር እስከ 2010 ገደማ፣ እንደ ፍሎረሰንት ያለ ቀጭን ቱቦ ነበር፤ እያረጀ ሲሄድ ወደ ቀይ እያደላ ይደክም ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ በስክሪኑ የታችኛ ጠርዝ የተሰለፉ ጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች ናቸው። እነዚህ ነጭ ሆነው ይታዩን እንጂ በመሠረቱ ሰማያዊ ናቸው፤ ሰማያዊው ብርሃን ቢጫ በሚያበራ ዱቄት ውስጥ አልፎ ለዓይናችን ነጭ ይመስላል። ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ መሥራት ብዙ ዘመን ያስቸገረ ነገር ነበር፤ ይህን የፈቱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ቁም ነገር ነው። ምስሉና ብርሃኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሳይሞት ሌላው ሊሞት ይችላል። በሁለቱ ላይ ደግሞ ትእዛዝ የሚሰጠው ፕሮግራም አለ፤ ትእዛዙንና ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰው ቀጭን ገመድ አለ። «ስክሪኑ ሞቷል» የሚለው አነጋገር እነዚህን አራት ነገሮች ሳይለይ ባንድ መቃብር ይቀብራቸዋል። እንግዲህ ጥያቄዎቹ እነሆ።

አንደኛ፤ የፈዘዘው ስክሪኑ ነው ወይስ የተቀመጥንበት ቦታ ነው? ቀጥተኛ ፀሐይ እስከ 100 ሺህ ሉክስ ታበራለች፤ ደኅና መብራት ያለው የንባብ ክፍል ግን ከ300 እስከ 500 ሉክስ ብቻ ነው። በእጃችን ያሉት ተራ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ ከ220 እስከ 300 ኒት የሚሆን ብርሃን ይሰጣሉ፤ ይህም ለክፍል ውስጥ የሚበቃ፣ ለሜዳ ግን የማይበቃ ነው። በስድስት ኪሎ ግቢ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ጤነኛው ስክሪን የታመመ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ፍርዱ በማታና በቤት ውስጥ ይሁን።

ሁለተኛ፤ የብርሃኑ ቁልፍ ወርዶ እንደሆነስ? በላይኛው የቁልፎች ረድፍ የፀሐይ ሥዕል ያለባቸው ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ከፍ ያደርጋል፤ አንዱ ዝቅ ያደርጋል። በብዙ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ይዞ መጫን ያስፈልጋል። በዶርም ሌሊት የሚሠራ ሰው የተኙት እንዳይነቁበት ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ጠዋት የሚረሳበት ጊዜ ብዙ ነው። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ደግሞ በታች በቀኝ ጥግ ያለውን የባትሪ ሥዕል ተጭኖ ብርሃኑን በሚንሸራተተው መስመር ሊያስተካክል ይችላል።

ሦስተኛ፤ ማሽኑ ቁጠባ ላይ ይሆን? ዊንዶውስ ባትሪ ሴቨር፣ በአዲሶቹ ደግሞ ኢነርጂ ሴቨር የሚባል ሥርዓት አለው። ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠነው በቀር ባትሪው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ራሱ ይነሣና የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል። መብራት በሚጠፋበት ማታ ይህ ቁጠባ ወዳጃችን ነው፤ መኖሩን የማያውቅ ግን ስክሪኑ የተበላሸ ይመስለዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቻርጀሩን ሰክቶ ብርሃኑ ይመለስ እንደሆነ ማየት ነው።

አራተኛ፤ ላፕቶፑ ያለ እኛ ፈቃድ ብርሃኑን ይለዋውጥ ይሆን? አንዳንዶቹ ከካሜራው አጠገብ የአካባቢውን ብርሃን የምትለካ ትንሽ ዓይን አላቸው፤ ጨለማ ሲመስላት ስክሪኑን ታፈዝዘዋለች። ሌሎቹ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር እያዩ ይለዋወጣሉ፤ ጥቁር ገጽ ሲከፈት ይፈዝዛሉ፤ ነጭ ገጽ ሲከፈት ይጎላሉ። ምልክቱ ይኸው መለዋወጡ ነው። በሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎ ዲስፕሌይ የሚለውን ከፍቶ ብራይትነስ በሚለው ሥር የሚገኘውን ራስ ገዝ ማስተካከያ ማጥፋት ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ የራሳቸው ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ ቁጠባ ስላላቸው እዚያም መመልከት ይገባል።

አምስተኛ፤ አስተርጓሚው በቦታው አለ ወይ? ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም በዊንዶውስና በዕቃው መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ነው። ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ በኋላ አስተርጓሚው ሳይጫን የቀረ እንደሆነ ቁልፉን ብንጫን፣ መስመሩን ብናንሸራትት የሚሰማን የለም፤ እንዲያውም መስመሩ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ከፍተን «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ብቻ ካገኘን ትክክለኛው አስተርጓሚ የለም ማለት ነው፤ ከላፕቶፑ ሠሪ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ነው። ነገሩ የጀመረው ከእድሳት በኋላ ከሆነ ግን «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ተጭኖ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል።

እስካሁን ያሉት አምስቱም አንዲት ሳንቲም አያስወጡም። የሚቀጥሉት ደግሞ ጥፋቱ ከሐሳብ ወገን ነው ወይስ ከሥጋ ወገን የሚለውን የሚለዩ ናቸው።

ስድስተኛ፤ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊትስ ስክሪኑ ፈዛዛ ነው? ላፕቶፑን አጥፍቶ እንደገና ሲያበሩ ኤፍ2፣ በአንዳንዱም ኤፍ10 ወይም ዴሊት የሚለውን ቁልፍ መነካካት ባዮስ ወደሚባለው ገጽ ያስገባል። በዚህ ገጽ ምንም ነገር ሳይለውጡ አይቶ መውጣት ነው። እዚህ ብሩህ ሆኖ ዊንዶውስ ሲነሣ የሚፈዝዝ ከሆነ ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ነው፤ ለስክሪን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። እዚህም ፈዛዛ ከሆነ ግን ወደ ሥጋው፣ ማለት ወደ ዕቃው እንለፍ።

ሰባተኛ፤ በሌላ መስተዋት ላይስ እንዴት ይታያል? በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ወይም ከመማሪያ ክፍል ፕሮጀክተር ጋር ማገናኘት ነው። እዚያ ጎልቶ የታየ እንደሆነ ምስሉን የሚያመነጨው ክፍል ጤነኛ ነው።

ስምንተኛ፤ ምስሉ አለ ወይ? ክፍሉን አጨልሞ፣ ላፕቶፑን አብርቶ፣ የስልክ ባትሪ መብራት በሰያፍ አስጠግቶ በስክሪኑ ላይ ማብራት ነው። ብርሃኑ በበረኛው ሉሕ አልፎ ከኋላው ካለው ነጭ ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። በዚያ ክብ ብርሃን ውስጥ ፊደሉ ጥርት ብሎ ከታየ ሉሑ ሕያው ነው፤ የታመመው መብራቱ ወይም መብራቱን የሚያገለግለው ነገር ነው። ኦሌድ በሚባለው አዲስ ዓይነት ስክሪን ላይ ግን ይህ ፈተና አይሠራም፤ የኦሌድ ነጥቦች ራሳቸው ስለሚያበሩ የኋላ መብራት የላቸውም።

ዘጠነኛ፤ ክዳኑን ስናንቀሳቅስ ብርሃኑ ይለዋወጣል ወይ? ከማሽኑ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ገመድ በማጠፊያው በኩል ያልፋል። በቀን ብዙ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ዓመት ከዓመት ሲታጠፍ ይላላል፤ ይበላል። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማስኬድ ነው። በአንድ ቦታ ላይ ብርሃኑ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ተጠርጣሪው ገመዱ ነው።

በወንድማችን ላፕቶፕ ላይ አምስቱን ጥያቄዎች ጠይቀን ለሁሉም «አይደለም» የሚል መልስ አገኘን። በስድስተኛው፣ በባዮስ ገጽ ላይም ፈዛዛ ነበር፤ ስለዚህ ዊንዶውስን ከክስ ነጻ አወጣነው። በማግስቱ ከአንድ መማሪያ ክፍል ፕሮጀክተር ጋር አገናኘነው፤ ምዕራፉ ግድግዳው ላይ እንደ ፀሐይ በራ። ማታ መብራት አጥፍተን በስልክ ስናበራበት እያንዳንዱ ፊደል፣ የግርጌ ማስታወሻው ሳይቀር፣ ተነበበ። በመጨረሻ ክዳኑን ቀስ አድርገን ወደ ፊት ስናስጠጋው በግማሽ መንገድ ላይ ክፍሉ በብርሃን ተሞላ፤ ትንሽ ስናልፍ ተመልሶ ደከመ። አንዱ ጓደኛችን ከአልጋው ላይ ዘሎ ወረደ። ወንድማችን ግን አልዘለለም፤ ክዳኑን በሁለት ጣቱ እንደያዘ፣ እንዳይነቃነቅበት ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወደ ሌላ ጥገና ቤት ሄድን። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፤ በባዮስም ፈዛዛ ነው፤ በፕሮጀክተር ግን ደኅና ነው፤ ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑ ይመለሳል» አላቸው። ሰውየው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና «ታዲያ አንተ ጨርሰኸው መጥተሃል፤ እኔ ምን ቀረኝ ልጄ?» ብለው ሣቁ። ባትሪውን ነቅለው፣ ማጠፊያውን በፊታችን ፈትተው፣ የተበላውን ገመድ በጣታቸው አሳዩን። ከሌላ የማይሠራ ላፕቶፕ ላይ የወጣ ደኅና ገመድ ተክተው ከነእጅ ዋጋቸው 1 ሺህ 200 ብር ተቀበሉ። ወንድማችን እሑድ እንደ ልማዱ ወደ አባቱ ደወለ፤ ስለ ዝናቡና ስለ በሬው ጠይቆ ስልኩን ዘጋ።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባል። የፈዘዘ ስክሪን ሁሉ በገመድ ይድናል ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የኤልኢዲው ረድፍ በእውነት ይቃጠላል፤ አንዳንድ ጊዜም በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለች፣ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ የብርሃኑ መስመር ፊውዝ ትቃጠላለች። የመጀመሪያው ሲሆን ስክሪኑን መቀየር ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ሲሆን እጀ ቀና ባለሙያ ይፈልጋል። ደግሞም ላፕቶፑን ራሳችን እንፍታው እያልሁ አይደለም። ወደ ኋላው መብራት የሚሄደው መስመር በዐሥር ቤት የሚቆጠር ቮልት የያዘ ነው፤ ባትሪው ሳይነቀል ገመዱን የሚነካካ ሰው ያችኑ ፊውዝ አቃጥሎ ትንሹን በሽታ ትልቅ ያደርገዋል። መመርመር የሁላችን ነው፤ መፍታት ግን የባለሙያው ነው።

የመጀመሪያውንም ሠራተኛ ሌባ ብዬ አልፈርድበትም። ለእርሱ ሙሉውን ስክሪን መቀየር ፈጣንና ዋስትና ያለው ሥራ ነው፤ ገመድ ሲፈልግ የሚውልበት ሰዓት ሌላ ሦስት ደንበኛ ያስቀርበታል። «ስንት ነው?» ብሎ የሚጀምር ደንበኛ ዋጋ ይነገረዋል፤ ምክንያት አይነገረውም። ያለ ምርመራ ስክሪን መግዛት አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ነው። ብድሩን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተማሪው ሳይሆን ከሩቅ ያለ፣ ስለ ኤልሲዲ ሰምቶ የማያውቅ አባት ወይም እናት ነው። እኔን ዕረፍት የነሣኝ ይህ ነው። እኛ ያልጠየቅነው ጥያቄ ዋጋው የሚከፈለው በሌላ ሰው ማሳ ላይ ነው።

ይህን ነገር ለአንዳንድ የትምህርት ክፍል ጓደኞቼ ባጫውታቸው «ይህ የቴክኖሎጂ ልጆች ጉዳይ ነው፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነን» አሉኝ። ከስድስት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በአሳባችን ውስጥ ግን በሁለቱ መካከል ባሕር ያለ ይመስላል። እስቲ ልጠይቅ፤ ጥንታዊ ብራና ቀርቦልን ቃሉ አልነበብ ያለን እንደሆነ ምን እናደርጋለን? ቀለሙ ለቆ ነው ወይ? ውሃ ነክቶት ነው ወይ? ጭስ ጠግቦ ነው ወይ? ወይስ ዓይናችን የጸሐፊውን እጅ አልለመደም? ብለን በተራ እንጠይቃለን። ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ «ይህ ብራና ጠፍቷል» የሚል ተማሪ ከመምህሩ ተግሣጽ ያገኘዋል። በብራና ፊት የምናሳየው ትዕግሥት በላፕቶፕ ፊት የሚጠፋው ለምንድን ነው? ምልክትን ከምክንያት መለየትን ፍልስፍና አስተምሮናል። መፍዘዝ ምልክት ነው፤ ምክንያቱ ገና ይፈለጋል።

ሌሎች ደግሞ «አገር በብዙ ችግር ተይዞ ሳለ ስለ ስክሪን መጻፍ ምንድን ነው?» ይሉ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። በእጁ ያለው ዕቃ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ የተነገረውን ዋጋ የሚከፍል ምሁር፣ ነገ ሹም ሆኖ ለመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ በሚገዛበት ቀን በድንገት ጠያቂ አይሆንም። ዛሬ በ9 ሺህ ብር የለመደውን ነገ በሚሊዮን ይቀጥለዋል። የመጠየቅ ልማድ እንደ ሌላው ልማድ ሁሉ በትንሹ ነገር ነው የሚለመደው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ ከላይ የተዘረዘሩት ዘጠኝ ጥያቄዎች ባንድ ወረቀት ተባዝተው በየመኝታ ሕንፃው መግቢያ ይለጠፉ። ሁለተኛ፤ ከአምስት ኪሎ የምሕንድስና ተማሪዎች ጋር በመነጋገር በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እነርሱ ወደ እኛ ይምጡ፤ የታመመ ላፕቶፕ ያለውም ይዞ ይቅረብ። እኛም በበኩላችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ቋንቋ በማቃናት ውለታቸውን እንመልሳለን። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው የወረቀትና የቀለም ዋጋ ብቻ ነው፤ የሚቀረው ግን ምናልባት የአንድ ቤተሰብ በሬ ሊሆን ይችላል።